አፊኒ? ወይስ አፊ ነይ?

ስሜ አፎሚያ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አፊ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለመተዋወቅ ያህል ብቻ አይደለም። በዚያች ቅዳሜ የደረሰብኝ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህች አጭር ስሜ ነው። አፊ። ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሀዋሳ የመጣነው ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘችና ብርድ ልብሶቻችንን ሁሉ ጭነን መጣን። ብርድ ልብሶቹ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ ተቆልለው ይስቁብናል። ከተማዋን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሀዋሳ እንደ ትሪ ሜዳ ናት። ደብረ ብርሃን እያለሁ ዳገት ላይ ሳይክል የሚገፋ ሰው ሳይ «ምን በድሎ ነው?» እል ነበር። እዚህ ግን መምህሩም በሳይክል፣ ነርሷም በሳይክል፣ እሑድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሱን ከኋላው አስሮ ወደ ቸርች የሚሄደው ሽማግሌም በሳይክል ነው። እኔም ወድቄ ተነሥቼ ተማርኩ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ያገለገለች አረንጓዴ ሳይክል ላከልኝ። ደወሏ አይሠራም፤ ስለዚህ ደወሉ እኔው ነበርኩ፤ «ቂልል!» እያልኩ በአፌ።

ይህን ስላችሁ ደፋር እንዳልመስላችሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን እያወቅሁ እስክሪብቶዬ የወደቀ ይመስል ጎንበስ የምል ልጅ ነበርኩ። «አፎሚያ አለች?» ሲባል እንኳ «አለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተራ ይጠብቃል። ሳይክሏ ላይ ስወጣ ብቻ ሌላ ሰው እሆናለሁ። እዘፍናለሁ። ከአባ ኮዳዎች ጋር አወራለሁ። አባ ኮዳ ማለት ያ ራሰ በራው፣ እግረ ረጅሙ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስለው ትልቅ ወፍ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለ የመብራት ምሰሶ ሁሉ የእሱ ወንበር ነው።

ከሰፈራችን ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ እንደ አዲስ ሲሠራ በአንድ በኩል ቀይ ቀለም የተቀባ የሳይክል መስመር ወጣለት። ያን ቀን ከመክሊት ጋር፣ ጎረቤቴም የክፍሌ ልጅም ናት፣ መስመሩን እየተመላለስን ስናየው አመሸን። ለእኛ የተሠራ ነገር ነዋ! ለሚኒስትር አይደለም፣ ለመኪና አይደለም፤ ለእኔና ለመክሊት!

ደስታችን ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ አንዲት ባጃጅ መጥታ ቀዩ ቀለም ላይ ቆመች። ማግስቱን ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ሆቴል በር አጠገብ ያለው የመስመሩ ክፍል በሙሉ የባጃጅ ተራ ሆነ፤ ተራ አስከባሪም ተመደበለት። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ዙሪያውን ነጭ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። የሆቴሉ ነው ብለን ሁላችንም እናስብ ነበር። አንድም ቀን ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እኛ ሳይክለኞቹ እንግዲህ እዚያ ስንደርስ ከመስመራችን ወጥተን ወደ መኪናው መንገድ እንገባለን። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መክሊት ከፊቴ ነበረች። ከባጃጆቹ ለመራቅ ስትወጣ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀባት። ሚኒባሱ አልነካትም፤ ድንጋጤው ነው የጣላት። እጇን ዘርግታ ነበር የወደቀችው። ድምፁን አልረሳውም፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የምትሰሙት ዓይነት ድምፅ።

በዚያው ማታ እናቴ ሳይክሌን ግቢያችን ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረችው። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣

«ይህ መንገድ እስኪስተካከል ሳይክል የሚባል ነገር የለም» አለች። «ካልተስተካከለም ለአጎትሽ ይመለሳል። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ።»

አልተከራከርኩም። ምን ብዬ? የመክሊት እጅ በጀሶ ታስሮ እያየሁ! ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳይክሏን ሄጄ አያታለሁ። የማንጎ ቅጠል ኮርቻዋ ላይ ይረግፋል። ጎማዋ ቀስ በቀስ ተነፈሰ። እንደ ታሰረ በግ ታሳዝነኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሞንታርቦ የጫነ መኪና በሰፈራችን እየዞረ «ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ በመንገድና በትራፊክ ጉዳይ ላይ የነዋሪዎች ውይይት ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ!» እያለ ጮኸ። እናቴ ሰማች፤ እኔም ሰማሁ። ተያየን።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ፣

«ምን ልትያቸው ነው?» አልኳት።

«እኔ? ሳይክሉ ያንቺ፣ ተናጋሪዋም አንቺ! ስምሽን ነግሬ ነው የማስጠራሽ።»

«እማ፣ በናትሽ እንዳታደርጊው!»

«ቆይ ብቻ!» አለችና ሳቀች። ቀልዷን መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናቴን የምታውቋት ቢሆን እንደ እኔ ግማሽ በግማሽ ትፈሩ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቴ ከፊት ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ። ባጃጅ ሾፌሮቹ በመስኮቱ በኩል ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ተራ አስከባሪው ማቲ አለ። ማቲ ድምፁ ለብቻው ሞንታርቦ ነው። መድረኩ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ጋሽ ቡራሳ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቡራሳ የሰፈራችን የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ሆቴሉ ያለበት ቦታ ላይ አባታቸው ከብት ያጠጡ እንደነበር የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ካልተጠየቁ አያነሡትም።

ውይይቱ እንደ ውይይት ጀመረ። ሁሉም «በመጀመሪያ እድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ይልና የተሰጠውን እድል ግማሹን በምስጋና ይጨርሰዋል። አንዱ ስፒድ ብሬከር ጠየቀ። አንዲት እናት ቤታቸው በር ላይ መኪና እየቆመ መውጫ እንዳጡ ተናገሩ፤ «ባለፈው ልጄን ሳመጣ በአጥር ላይ ልወረውረው ነበር!» አሉና አዳራሹን አሳቁት። ሊቀመንበሩ ለሁሉም «በሂደት ላይ ነው» ይላሉ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ «ሂደቱም ባጃጅ ላይ ነው መሰል፣ ተራ እየጠበቀ ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ከዚያ የሳይክል መስመሩ ተነሣ። ጉድ ፈላ! ገና አንዱ «ባጃጆቹ…» ከማለቱ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁሉ ተነሡ።

«እኛ የት እንሂድ? አየር ላይ እንቁም?»

«ልጆቻችንን ልትጨርሱ ነው!»

«እኛ ልጅ የለንም እንዴ?»

«ሥርዓት! ሥርዓት ይከበር!» ይላሉ ሊቀመንበሩ፤ ማይኩ ግን «ጺጺጺ» ብቻ ነው የሚለው። ወንበር ይንኳኳል። ማቲ ይጮኻል። እናቴ ሳትቀር ተነሥታ ጣቷን ታወዛውዛለች። እኔ በልቤ «ሳይክሌ ሄደች» አልኩ። እንዲህ ተጯጩኸው ይበተናሉ፣ ሳይክሏ ለአጎቴ ትጫናለች፣ አለቀ። በሩን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ያኔ ነው ጋሽ ቡራሳ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው የተነሡት። ማይክ አልያዙም። ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል እኔ ጥርት አድርጌ የሰማሁት ይህን ነው፦

«አፊ ነይ?»

እናቴ! ሠራችልኝ! ስሜን ነግራ አስጠራችኝ! ይባስ ብሎ ሽማግሌው ሲጠሩ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ በአንድ ጊዜ፣ ውኃ የፈሰሰበት እሳት ይመስል። ሰው ሁሉ እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። የሽማግሌ ጥሪ ደግሞ እንዴት ዝም ይባላል? ተነሣሁ። በወንበሮቹ መሐል ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ የሚያልቅ አልመስል አለኝ። ከእናቴ አጠገብ ሳልፍ ዓይኗ ፈጦ «ወዴት ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። አሁን ደግሞ ታስመስላለች አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ቡራሳ ፊት ደርሼ አንገቴን ደፋሁ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

አዩኝ። ሊቀመንበሩም አዩኝ።

«ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጋሼ… ጋሼ ጠርተውኝ ነው።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ቡራሳ።

«አዎ። አፊ ነይ አሉኝ። አፊ… እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ከፊት ያሉት ሲዳማዎች ሳቁ። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ነገሩት፣ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር በወንበር እየተቀባበለ በሩ ድረስ ደረሰ። ማቲ ጭኑን እየመታ ነበር። እንባዬ መጣ። መሬቱ ቢከፈት ሳይክሌንም ሳልጠይቅ እገባ ነበር።

ጋሽ ቡራሳ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መቱ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ያልኩት አፊኒ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰማችሁ ወይ፣ አወቃችሁ ወይ ማለት ነው። ሰው ሲሰበሰብ፣ ነገር ሲበላሽ፣ ሽማግሌ ይህን ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ የሚናገር እውነቱን ብቻ ይናገራል። የሚሰማም እስከ መጨረሻው ይሰማል። በመሐል የሚገባ የለም።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኔ አፊኒ ብዬ ጠየቅሁ። ማን ተነሣ? እናንተ ሁላችሁ ስትጮኹ እሷ በእግሯ መጣች። ዛሬ አፊኒ እግር አውጥታ መጣች ማለት ነው። እንግዲህ ትናገራለች።»

እናንተዬ፣ ስለዚያ ጸጥታ እንዴት ልጻፍላችሁ? ደብረ ብርሃን ውርጭ የጣለበት ንጋት ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ አለ፤ ከዚያ ሌላ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው፣ አባቶች፣ ሾፌሮች፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ አፋቸውን ዘግተው እኔን ያያሉ። እኔን! እስክሪብቶ ፈላጊዋን! እና ጎንበስ የምልበት ዴስክ የለም።

«በመጀመሪያ እድሉን ስለሰጣችሁኝ…» ብዬ ጀመርኩና ማንም እድል እንዳልሰጠኝ ትዝ አለኝ። አቆምኩ። ከዚያ ዝም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ቀዩ ቀለም የተቀባ ቀን ከመክሊት ጋር እንዴት ስንመላለስ እንዳመሸን። ባጃጆቹ ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ እያየን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ወደ መኪናው መንገድ እንደምንወጣ። ጥሩንባውን። የእጇን ድምፅ።

በመስኮቱ በኩል አንድ ሾፌር አፉን ሊከፍት ሲል ጓደኛው በክርኑ መታው። በመሐል አይገባማ!

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ሽማግሌው እውነቱን ብቻ ብለዋል፤ እውነቱ ደግሞ ገና ግማሹ ነበር። ስለዚህ፣

«መክሊት የወደቀች ቀን መጀመሪያ ሮጦ የደረሰው ማቲ ነው» አልኩ። «አቅፎ አንሥቶ፣ ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ሆስፒታል ያደረሰን እሱ ነው። ሒሳብ አልተቀበለም። እስክትታከም ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሮቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔ የምፈልገው እነሱ እንዲባረሩ አይደለም። ሳይክሌን እንድነዳ ነው።»

ማቲን አየሁት። ያ ሞንታርቦ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያዞረው ነበር። ጋሽ ቡራሳ «አንተስ?» አሉት። ተነሣ።

«ጋሼ፣ እኔም እውነቱን ልናገር» አለ። «ልጅቷ ያለችው ልክ ነው፤ የእነሱ መስመር ነው የዘጋነው። እያየሁ ነው የዘጋሁት። ግን ከድሮው ተራችን ተነሡ ተባልን፤ የት ሂዱ የሚል አልነበረም። ማዶ ያ ባዶ ቦታ አለ። ልንቆም ስንሞክር የሆቴሉ ዘበኛ በፊሽካ ያባርረናል።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቦታው ጉዳይ ጥናት የሚያስፈልገው…»

«መንገዱ የት ነው ያለው?» አሉ ጋሽ ቡራሳ።

«ማለት… እዚሁ፣ ከአዳራሹ ወጣ ብሎ።»

«ታዲያ ተነሡ። በእግራችን እናጥናው። ልጄ፣ ሳይክልሽን አምጪና አሳይን።»

«ሳይክሏ ታስራለች» አልኩ፤ እናቴን እያየሁ።

ሕዝቡም እናቴን አየ። እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ውስጡን አተራመሰችው፤ መሐረብ ወጣ፣ መነጽር ወጣ። በመጨረሻ ቁልፉ ወጣ። እጇ ላይ ይዛው ትንሽ ቆየች። ስታቀብለኝ ጣቶቿ በረዶ ሆነው ነበር፤ በሀዋሳ ፀሐይ!

ቤታችን ቅርብ ነው። ሮጬ ፈታኋትና የተነፈሰ ጎማዋን እየጎተትኩ መጣሁ። ማቲ አየኝና «ይኼ ጎማ ነው ቅንጬ?» ብሎ ከአንዱ ባጃጅ ውስጥ ፓምፕ አመጣ። እሱ እየነፋ፣ ያ ሁሉ ሰው ዙሪያውን ቆሞ የእኔን ጎማ ሲጠብቅ አስቡት።

ከዚያ ወጣሁ። መጀመሪያ ቀዩ መስመር ላይ። ሰዉ በእግረኛው መንገድ ይከተለኛል። እናቴ ግን አላስችል ብሏት አጠገቤ ትሮጣለች፤ በዚያ ለስብሰባ ባደረገችው ጫማ! «ቀስ! ቀስ በይ!» ትላለች። ባጃጆቹ ጋ ደረስኩ። ወደ ኋላዬ አየሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ።

ሚኒባስ መጣ። እኛ አልጠራነውም፤ በየቀኑ እንደሚመጣው ነው የመጣው። ጥሩንባውን ለቀቀው። የሳይክሌ መሪ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፣ የመክሊትን እጅ ሰማሁ፣ ዓይኔን ልጨፍን ስል ጥሩንባው ድንገት ተቋረጠና ፍሬን ጮኸ።

እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ዞርኩ። እናቴ መንገዱ መሐል ቆማለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ሽሽ» ከማለት ሌላ ድምፅ የማታሰማዋ እናቴ፣ አንድ እጇን ወደ ሚኒባሱ ዘርግታ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ሚኒባሱ ሊነካት ምንም አልቀረውም።

ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እናት፣ ምን ሆነሻል? ልትሞቺ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በእግረኛው መንገድ ላይ የቆመውን ሕዝብ አየና ቃሉን ዋጠው። ሁሉም አሁን አይቷል። መክሊት የወደቀችበት ቦታ ላይ፣ በገዛ ዓይኑ።

ጋሽ ቡራሳ መንገዱን በከዘራቸው ተሻገሩና ነጮቹ ድንጋዮች አጠገብ ቆሙ። ግርግሩን አይታ ከሆቴሉ በር የወጣች ጥቁር ሱፍ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ሥራ አስኪያጇ ናት። ሽማግሌው የድንጋዮቹን አናት በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣ ማንንም ለይተው ሳያዩ ጠየቁ።

«አፊኒ?»

አሁን እኔም ገባኝ። ሁላችንም ጠበቅን። ነፋሱ ከሐይቁ መጣ፤ አንድ አባ ኮዳ ከምሰሶው ላይ ሆኖ እንደ ታዛቢ ያየናል። ሴትየዋ ወደ ሊቀመንበሩ አየች፣ ወደ እናቴ ባዶ እግር አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ጠበቃችንን አነጋግሩ» ትላለች ብዬ ነበር።

«ቦታው የእኛ አይደለም» አለች። «የከተማው ነው። ሠርግ ሲኖር የእንግዶች መኪና እንዲቆምበት ድንጋዩን እኛ አስቀመጥነው። የጠየቀን አልነበረም።»

እናንተ ሆይ፣ የባሰው ተአምር ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሊቀመንበሩ፣ እኒያ የ«በሂደት ላይ ነው» ሰውዬ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣

«ያልጠየቅነው እኛ ነን» አሉ። «አይተን ነው ያለፍነው። በቋሚነት እስኪወሰን ድረስ ባጃጆቹ እዚህ ይቁሙ።»

ትልቅ ሰው፣ ያውም ባለሥልጣን፣ በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ያ ቃል ደግሞ ያሳነሳቸው አልመሰለኝም። እንዲያውም ረዘሙብኝ።

ማቲ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። ድምፁም ተመለሰ። «ምን ትገተራላችሁ? ግፉ!» ሾፌሮቹ ድንጋዮቹን ተጋግዘው አነሡ፤ የሆቴሉ ዘበኛ ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አብሮ ገፋ። ከዚያ ባጃጆቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን አስነሡ። እየተሻገሩ ሲሄዱ፣ ከሥራቸው ቀዩ ቀለም እየተገለጠ መጣ፤ መጋረጃ ቀስ ብሎ እንደሚሳብ። ትንሽ ዘይት ጠብ ብሎበታል፣ ትንሽ ደብዝዟል። ግን እዚያው ነበር። ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ መስመሩ ቀጥ ብሎ እስከ ሐይቁ ድረስ ታየ፤ ጫፉ ላይ ውኃው ያበራል።

ማንም «ሂጂ» አላለኝም። እናቴን አየኋት። አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ፤ ያ የ«እሺ» ንቅናቄ።

ነዳሁ። ወደ ኋላ ሳላይ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ ነዳሁ። በግራዬ ሚኒባሱ፣ በቀኜ ሕዝቡ፤ ሁሉም ቆሟል። የምሰማው የጎማዬን ድምፅ ብቻ ነው። እኔን እያዩ ይሁን መንገዱን እንጃ። ሰማዩ ራሱ ከእኔ ጋር የሚሄድ መሰለኝ። ሐይቁ ጋ ደርሼ ስወርድ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ድጋሚ ሳቅሁ።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን አማረ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አፊኒ ተብያለሁና። የሠርግ ሰሞን ዛሬም አንዳንድ መኪና ቀዩ ላይ ይቆማል። ስፒድ ብሬከሩ አሁንም «በሂደት ላይ» ነው። የባጃጆቹ አዲስ ተራ ግን ጸደቀ፤ ሰሌዳም ተተከለለት። የመክሊት እጅ ድኖ ሳይክል ጀምራለች፤ ብርድ ሲሆን ያመኛል እያለች የቤት ሥራዋን ታስጽፈኛለች። በሀዋሳ ብርድ! እናንተ ፍረዱ።

እኔስ? እኔ መናገር የተማርኩት በስሕተት ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚገርመኝ የእኔ መናገር አይደለም። መናገርማ ያን ቀን ሁሉም ይናገር ነበር። የሚገርመኝ መሰማት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ ነው። አንድ ሽማግሌ አንድ ቃል ጠየቁና ያ ሁሉ ሰው ጆሮ ሆነ፤ ጆሮ ሲሆን ደግሞ ከእያንዳንዱ ውስጥ እውነት ወጣ፤ ከማቲ፣ ከሴትየዋ፣ ከሊቀመንበሩ። እኔ የመጀመሪያዋ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶዬ አይወድቅም። ይህን ጽሑፍም ያለማንም እርዳታ ጻፍኩት፤ እናቴ አንብባ «የጫማውን ነገር አውጪው» ብላኛለች፤ አላወጣሁትም።

እናንተም የሰፈራችሁን መንገድ ታውቁታላችሁ። በየቀኑ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ የምታልፉባት አንዲት ቦታ አትጠፋም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከበሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ፣ ስማችሁን የጠራ ሰው የመሰላችሁ እንደሆነ፣ ደግማችሁ አታጣሩ። ተነሡ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ማቲ ከማዶ ያየኛል። መስመሩ ላይ ሰው ለመጫን ቆም ያለ ባጃጅ ካለ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ በዚያ ሞንታርቦው ይጮኻል፤ ሾፌሮቹም እየሳቁ መንገዱን ይለቃሉ። የሚጮኸው «አፊ ነይ!» ይሁን «አፊኒ!» ጠይቄው አላውቅም። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። «አለሁ!» እላለሁ፤ በአፌም «ቂልል!» እጨምርበታለሁ።